ያቺ ፌንጣ አይደለችም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ። እኔ ኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጋዜጣችሁን የምገዛው ደምበኛ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ እንዲያነብ ብዬ ነበር፣ አሁን ግን ደምበኛው ሳያየው እኔና ልጄ ነን ከዳር እስከ ዳር የምንጨርሰው። ባለፈው የልጆች ገጽ ላይ አንድ ፎቶ አወጣችሁ፣ አረንጓዴ፣ አንገተ ረጅም፣ የፊት እጆቿን ሰብስባ ዱአ እንደሚያደርግ ሰው ቀጥ ብላ የቆመች፣ ከስሯ "ፌንጣ" ይላል። ልጄ ዘጠኝ አመቱ ነው፣ ገና ሲያያት "እማ ተሳስተዋል!" ብሎ ልብስ እየተኮስኩ እያለ ጋዜጣውን ፊቴ ዘረጋው። ጻፊላቸው ብሎ ሶስት ቀን ነዘነዘኝ፣ እኔም ስለሷ የምጽፍበት ሰበብ ስፈልግ የቆየሁ ሰው ነኝና ይሄው ጻፍኩ፣ ከረዘመ አትቀየሙኝ።

ያቺ ፌንጣ አይደለችም። ፈረንጆቹ ፕሬዪንግ ማንቲስ ይሏታል፣ ማንቲስ የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሆኖ ነቢይ፣ የሚመጣውን የሚያይ እንደማለት ነው። የቅርብ ዘመዶቿ ማን መሰሏችሁ፣ በረሮና ምስጥ! እኔም መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም ነበር፣ ግን በረሮ እንቁላሏን እንዴት እንደምትጥል ያየ ሰው ይገባዋል፣ አንድ ባንድ ሳይሆን ሁሉንም ባንድ ማቀፊያ አሽጋ ነው፣ ማንቲስም እንደዛው። ፌንጣ ሳርና ቅጠል ትበላለች፣ ማንቲስ ቅጠል አትነካም፣ የፊት እጆቿ እንደ መጋዝ ጥርስ አላቸው፣ ፌንጣዋን ራሷን ነው ይዛ የምትበላት። ደግሞ አይክፋችሁ፣ የፍጥረታትን ሳይንሳዊ ስም ዛሬ አለም በሚጽፍበት መንገድ ያስጀመረው ስዊድናዊው ሊኒየስ ራሱ በ1758 እንደ ፈረንጆቹ ሲመዘግባት ከነ ፌንጣ ጎራ ነው የከተታት። ስለዚህ የተሳሳታችሁት ከትልቅ ሰው ጋር ነው፣ እሱ ግን እኛ ያለን መረጃ አልነበረውም።

ስሟ ላይ ልመለስ። እናቴ ሀይቅ ከተማ ነው ያደገችው፣ "የአላህ ፈረስ" ትላታለች። ግቢ የምትጋራኝ እትዬ ደግሞ "የእግዜር ፈረስ"። ሁለቱም ሴቶች አንዷን ነፍሳት ነው እያሳዩኝ የሚያወሩት፣ እኔ ይሄ ነገር በጣም ደስ ይለኛል። ግን አንዳንዱ ሰው ይሄንኑ ስም ጭራሮ ለምትመስለው ሌላ ነፍሳት ሲሰጠው ሰምቻለሁ፣ ሌላው ደግሞ ጭራሽ ስም የላትም "እንትን" ነው የሚላት። በዚህ ደብዳቤ ማንቲስ የምላት እንዳንደናገር ብዬ ነው፣ ስሙን ወድጄው አይደለም።

እንዴት እንደጀመርኩ ልንገራችሁ። በጥቅምት 2013 አንበጣው ወሎን ሲያለብስ እናቴ ጋ ነበርኩ። ያን ጊዜ የነበረ ሰው ያውቀዋል፣ ማሽላው ደርሶ ጤፉ ዘንጥፎ እያለ ሰማዩ ቡኒ ሆነ፣ ህጻን አዋቂ ሳይል ጣሳ እየደበደበ ጨርቅ እያውለበለበ ማሳ ለማሳ ሲሮጥ ነው የዋለው። እኔም ጮኼ ጮኼ ድምጼ ሲዘጋ አጥሩ ስር ቁጭ አልኩና ቀና ስል ክትክታው ላይ አንዷ ማንቲስ እሷን የሚያክል አንበጣ በሁለት እጆቿ ቀፍድዳ ይዛ ካንገቱ ጀምራ ትበላለች። ሰው እያለቀሰ እሷ ዝም ብላ ስራዋን ትሰራለች። አንድ ማንቲስ ለዛ መንጋ ምንም ማለት እንዳልሆነች አውቃለሁ፣ ማሽላውን አላተረፈችልንም፣ ግን በዛ ቀን ከኛ ጋር የቆመ ሌላ ፍጥረት ሳይ የተሰማኝን ነገር እስካሁን ልረሳው አልቻልኩም።

ከዛ 2014 መጣ፣ ከነጦርነቱ። ስለሱ ብዙ አልጽፍም፣ የኮምቦልቻና የደሴ ሰው ሁሉ የራሱ አለው። ቤታችንን ጥለን ወጥተን ታህሳስ መጨረሻ ላይ ስንመለስ የስፌት መኪናዬ የለም፣ ጨርቁም የለም፣ በሩ ተሰብሯል። የመስኮቱ ብረት ላይ ግን የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ቡናማ፣ የደረቀ አረፋ የመሰለች ነገር ተለጥፋለች። ቤቱን ሳጸዳ ልፍቃት ቢላ ሳነሳ ልጄ፣ ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ነው፣ "ተያት እማ፣ የሆነ ሰው ቤት ናት" አለኝ። ተውኳት። የካቲት ላይ አንድ ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ከዛች ነገር ትንኝ የሚያካክሉ ፍጥረቶች በቀጭን ክር ተንጠልጥለው ይወርዳሉ፣ ወዲያው እዛው እንደተንጠለጠሉ የመጀመሪያ ቆዳቸውን ይጥላሉ፣ ከዛ በስድስት እግር ይበተናሉ። ስቆጥር 80 ላይ ጠፋብኝ። ባዶ ቤት ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ። በቃ ከዛን ቀን ጀምሮ ነው።

አሁን አራተኛ ደብተሬን ይዣለሁ፣ የልብስ ልኬት የምጽፍበት አይነት ደብተር ነው፣ ባንድ በኩል የሰው ወገብና ትከሻ በሌላ በኩል የማንቲስ ቀን። መቼ ተፈለፈለች፣ ስንተኛ ቆዳዋ ነው፣ ምን በላች። ማሳደግ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ብዙ ወጪ የለውም፣ እኔ እስካሁን ለማንቲስ ብዬ የገዛሁት ነገር አንድ ማጉያ መነጽር ብቻ ነው።

ፍለጋው ላይ ሰው የሚሳሳተው አረንጓዴ ነገር ለማየት ስለሚፈልግ ነው። አይናችሁ ማንቲስን አያያትም፣ ቅርጽ ነው መፈለግ ያለባችሁ። እኔ ጋ ትልልቆቹ በብዛት የሚገኙት ከመስከረም እስከ ህዳር ነው፣ ሳሩ ረዝሞ ፌንጣው በዝቶ ባለበት ጊዜ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ዳሩን፣ የክትክታ አጥር ላይ፣ ቁልቋል ላይ፣ አበባ ያለበት ቁጥቋጦ ሁሉ ላይ፣ ምክንያቱም አበባ ካለ ዝንብና ንብ አለ፣ ዝንብ ካለ እሷ አለች። ጠዋት ጸሀይ ገና ስትወጣ ሂዱ፣ ብርድ ስለያዛት ቶሎ አትንቀሳቀስም፣ ጸሀይዋ የሚያርፍበት ጎን ላይ ወጥታ ትሞቃለች። በጋ ላይ ደግሞ ትልቋን ተዉና የእንቁላል ቤቷን ፈልጉ፣ ያቺን መስኮቴ ላይ ያገኘኋትን የደረቀ አረፋ የመሰለች ነገር ማለቴ ነው፣ ደረቅ የማሽላ አገዳ ላይ፣ የድንጋይ ካብ ላይ፣ የአጥር እንጨት ላይ፣ የቆርቆሮ ስር። ወንዶቹን ከፈለጋችሁ ማታ መብራት ስር ነው። ረመዳን ላይ ከተራዊህ ስንመለስ የመንገድ መብራቱ ስር የማገኛቸው ሁሉ ወንድ ናቸው፣ ቀጫጭን፣ ክንፋቸው ረጅም፣ ሴቷ ከባድ ስለሆነች እንደነሱ አትበርም።

ባጭሩ ወንድና ሴት መለየት ከፈለጋችሁ ሆዷን ከስር ገልብጣችሁ ሽንሽኑን ቁጠሩ። ሴት ስድስት ናት፣ ወንድ ስምንት። እኔ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ይሄን ማንም ሳያስረዳኝ ነው በአይኔ የያዝኩት፣ ስድስቱ ሰፋፊ ሽንሽን ነው ስምንቱ ጠባብ ጠባብ።

አይነታቸው ብዙ ነው። በአለም ላይ ከ2,400 በላይ አይነት ማንቲስ አለ። የኔዎቹ ትልልቆቹ ክንፋቸው ላይ በያንዳንዱ በኩል አንዳንድ ነጭ ነጥብ አላቸው፣ ይሄ በአፍሪካ በሰፊው የሚገኙት ስፎድሮማንቲስ የሚባሉት ወገን ምልክት ነው። እነሱ ብቻ አይደሉም፣ ሳር መሀል የሳር ሰበዝ ሆነው የሚኖሩ አሉ፣ ግንድ ላይ ቅርፊት የሚመስሉ አሉ፣ ጣት የማያክሉ ቀጫጭኖች አሉ። ካንድ እንቁላል ቤት የወጡ እህትማማቾች ራሱ አንዷ አረንጓዴ አንዷ ቡናማ ስትሆን አይቻለሁ። በአፍሪካ ሳር ሲቃጠል ከቃጠሎው በኋላ ቆዳ ሲቀይሩ እንደ ከሰል የሚጠቁሩም አሉ፣ ይሄን በአይኔ አላየሁትም ግን የታወቀ ነገር ነው፣ ማየት እፈልጋለሁ።

ቤቷ የሀይላንድ ጠርሙስ ነው። የሁለት ሊትሩን ጫፉን ቆርጬ ከላይ የቬሎ ቱል፣ ያን መረብ የመሰለ ስስ ጨርቅ፣ አልብሼ በላስቲክ አስረዋለሁ፣ የሙሽራ ልብስ ስሰፋ የሚተርፈው ቁራጭ ቱል ሁሉ ለነሱ ነው። ይሄ ቱል ለማማር አይደለም፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው ያለው። ማንቲስ ስታድግ ቆዳዋን ትጥላለች፣ ከትንኝ እስከ ትልቅ እስክትሆን ባማካይ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ጊዜ ይሆናል፣ ሴቷ ብዙ ጊዜ ከወንዱ ባንድ ትበልጣለች። ቆዳዋን የምትጥለው ደግሞ ዘቅዝቃ ተንጠልጥላ ነው፣ የድሮ ልብሷን ከላይ ትታ ወደታች እየተንሸራተተች ትወጣለች። ስለዚህ ጣራው እግሯ የሚይዘው ነገር መሆን አለበት፣ ከፍታውም ቢያንስ የቁመቷን ሶስት እጥፍ። መጀመሪያ ጊዜ እኔ ይሄን አላወቅኩም፣ በፕላስቲክ ክዳን ነበር የከደንኩት፣ ክዳኑ ለስላሳ ነው፣ አንዷ ሰባተኛ ቆዳዋን ስትቀይር ግማሽ ወጥታ ተንሸራታ ወደቀች። ጠዋት ሳገኛት እጆቿ ተጣመው ደርቀዋል። በሁለተኛው ቀን ሞተች። ወራት ያሳደግኳት ነበረች፣ ለዛ ነው ቱሉ ላይ ድርቅ የምለው።

ቆዳ ልትቀይር ስትል መብላት ታቆማለች፣ ክንፍ የሚወጣበት ቦታ እብጥ ይላል፣ ያኔ ጠርሙሱን አትነካኩት፣ ያልበላችውን ዝንብ አውጡላት፣ ምክንያቱም ልብሷን ስታወልቅ አቅም የላትም፣ ፌንጣ እንኳን ልትነክሳት ትችላለች። ከጣለችም በኋላ ሰውነቷ እስኪጠነክር አንድ ቀን ዝም በሏት። እኔ ከጠርሙሱ ላይ ቀይ ክር አስራለሁ፣ ልጄ ቀይ ክር ካየ እጁን አይሰድም።

ምግቧ የሚንቀሳቀስ ነገር ብቻ ነው፣ የሞተ ነገር ብትጥሉላት ለማንቲስ የለም ማለት ነው። ለትንንሾቹ ትልቁ ችግር እነሱን የሚያክል ምግብ ማግኘት ነበር፣ እዚህ ላይ ያዳነችኝ እትዬ ናት። እሷ ለበአል ጠላ ትጠምቃለች፣ አተላው ላይ የሚሰፍሩት እነዛ ጥቃቅን ትንኞች ለአራስ ማንቲስ ልክ ናቸው። እኔ ቤት ጠላ አይገባም፣ ግን እትዬ አተላውን በጣሳ አስቀምጣ ቱል ጣል አርጋ ትንኙ ሲሞላ "ነይ የልጆችሽን ምሳ ውሰጂ" ትለኛለች። ሌላ ጊዜ የበሰበሰ ሙዝ ይሰራል። ከፍ ሲሉ ዝንብ፣ ከዛ ትንሽ ፌንጣ፣ ማታ መብራት ላይ የሚመጣው የእሳት ራት። ከሷ የሚበልጥ ነገር አትስጡ። በየቀኑ አይደለም፣ ትልቋን በሁለት በሶስት ቀን አንዴ፣ ሆዷ ጠፍጣፋ ሲሆን ርቧታል ማለት ነው። ውሃ ደግሞ ለካውያ በምረጭበት ጠርሙስ ጠዋት ጠዋት ቱሉ ላይ እፍ አርግላታለሁ፣ ጠብታውን በአፏ ትመጠዋለች። ወለሉ ላይ ውሃ አታቁሩ፣ ይሻግታል።

ሳምንት ሁለት ሳምንት ካለፋቸው እርስ በርስ ስለሚበላሉ ለየብቻ ማድረግ ግድ ነው፣ ለዚህ ነው ከሰማንያው ስድስት ወይም ስምንት ብቻ ይዤ ሌላውን አጥሩ ላይ የምበትነው። በዱር ካንድ እንቁላል ቤት እስከ መጨረሻው የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው፣ ጉንዳን አለ፣ ሸረሪት አለ፣ እንሽላሊት፣ ወፍ። አንዴ ደግሞ ከመርሳ ከዘመድ ቤት አጥር ላይ ያገኘሁት እንቁላል ቤት ላይ ስጠብቅ ስጠብቅ የማንቲስ ልጅ አልወጣም፣ ቅንጣት የሚያካክሉ የሚያብረቀርቁ አረንጓዴ ተርቦች ጅራታቸው ረጅም ወጡ። ፖዳግሪዮን ይባላሉ፣ እንቁላላቸውን የማንቲስ እንቁላል ቤት ውስጥ ወግተው ነው የሚጥሉት፣ ልጆቻቸው የማንቲሷን እንቁላል በልተው ያድጋሉ። ተናድጄ ነበር፣ በኋላ ግን በማጉያ ሳያቸው እነሱም የአላህ ስራ ናቸው፣ መስኮቱን ከፍቼ ለቀቅኳቸው። የጎን የጎኑ ላይ ክብ ክብ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው እንቁላል ቤት ካገኛችሁ ተርቦቹ ወጥተውበታል ማለት ነው፣ አትልፉ።

አይኗን ግን ሳላወራላችሁ ባልፍ ልጄ ይጣላኛል። አምስት አይን አላት፣ ሁለቱ ትልልቆቹ ከጎን፣ ሶስት ነጠብጣብ ደግሞ መሀል ግንባሯ ላይ። ትልልቁ አይን ውስጥ ጥቁር ነጥብ አለች፣ የትም ብትሄዱ እናንተን የምትከተል የምትመስል፣ ልጄ መጀመሪያ ፈርቶ "እማ እያየችኝ ነው" ብሎ ከኋላዬ ተደበቀ። ነጥቧ ግን አትንቀሳቀስም፣ አይኗ በብዙ ሺህ ጥቃቅን አይኖች የተሰራ ነው፣ ወደናንተ ቀጥ ብለው የዞሩት ብርሀኑን ስለሚውጡት እነሱ ብቻ ጠቁረው ይታያሉ፣ ቦታ ስትቀይሩ ደግሞ ሌሎቹ ይጠቁራሉ። ማታ ደግሞ አይኗ በሞላ ይጠቁራል። ጭንቅላቷን ዞራ ከኋላዋ ታያለች፣ ይሄን የሚያረግ ሌላ ነፍሳት ብትፈልጉ ይቸግራችኋል። እንግሊዝ አገር ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በፈረንጆቹ 2016 ያሳተሙት ጥናት አለ፣ በንብ ሰም የተለጠፈ ሚጢጢ መነጽር አርገውላት ፊቷ ስክሪን አቁመው ሲያሳዩዋት ርቀትን እንደኛ በሁለት አይኗ አገናዝባ እንደምታይ አረጋገጡ። ያን መነጽር ያደረገችውን ፎቶ ሱቄ ግድግዳ ላይ ከፋሽን ፎቶዎቹ ጎን ለጥፌዋለሁ፣ ደምበኛ ሁሉ ይጠይቀኛል።

ጆሮዋ ደግሞ አንድ ነው፣ ደረቷ ስር በእግሮቿ መሀል። አብዛኞቹ በራሪዎቹ የሌሊት ወፍን ድምጽ፣ እኛ የማንሰማውን፣ በዛ ነው የሚሰሙት፣ ሲሰሙ ደግሞ በረራቸውን አጥፈው ወደ መሬት ይወረወራሉ።

"ባሏን የምትበላ" የሚለውን ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል፣ በተለይ ወንዶቹ። አዎ ትበላለች፣ ሁሌ ግን አይደለም። የተራበች ከሆነችና ወንዱ የሚሸሽበት ከሌለው ይብሳል። እኔ መጀመሪያ ጠባብ ጠርሙስ ውስጥ ወንዱን አስገባሁት፣ አምስት ደቂቃ አልቆየም። ጥፋቱ የሷ አልነበረም የኔ ነበር። አሁን ሁለት ቀን አጥግቤ፣ እሷ ፌንጣ እየበላች እያለ፣ ከጠርሙሱ አውጥቼ መጋረጃ ላይ ነው የማገናኛቸው፣ ሲጨርሱ ወንዱን በወረቀት አንስቼ አጥር ላይ አደርገዋለሁ። ካለፈው አመት ጀምሮ አንድም አልሞተብኝም።

ሌላ ያጠፋሁት ደሴ የወሰድኳት ናት። እህቴ ደሴ ናት፣ ጦሳ ተራራ ስር፣ ልጆቿ እንዲያዩ ብዬ አንዷን በጠርሙስ ይዤ በሀረጎ ዳገት ወጣሁ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎሜትር ቢሆን ነው ግን ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናት ደሴ ወደ 2,500፣ ህዳር ማታ ላይ ያለው ብርድ ሌላ ነው። ለኛ ጋቢ ደረብን፣ ለሷ ማን ይደርብላት። በሶስተኛው ቀን ሞተች። ከዛ ወዲህ ያገኘኋትን እዛው ሰፈር አሳድጌ እዛው አጥር ላይ ነው የምመልሳት። ደሴ ላይ ያለ ሰው የደሴዋን ይፈልግ፣ የባቲ ሰው የባቲን፣ ቆላዋን ደጋ ደጋዋን ቆላ አታመላልሱ። የንብ ቀፎ ያለበት ቦታም አልለቃትም፣ ምክንያቱም ንብ ካገኘች ንብ ነው የምትበላው፣ ጥሩ ነፍሳት መጥፎ ነፍሳት ብላ አትለይም። ለገበሬው መድሀኒት ናት ብዬ አልዋሽም።

አንድ ነገር ደግሞ ያሳሰበኝ። ቴሌግራም ላይ ፎቶ መለጠፍ ከጀመርኩ በኋላ የማላውቀው ሰው እንቁላል ቤቱን በዶላር እገዛሻለሁ፣ ውጭ የሚያሳድጉ ሰዎች ይፈልጉታል ብሎ ጻፈልኝ። የምስራቅ አፍሪካ ማንቲሶች ውጭ አገር በውድ እንደሚፈለጉ እውነት ነው። ገንዘቡ ለኔ ቀላል አልነበረም፣ የስፌት መኪናዬን እዳ ገና እየከፈልኩ ነበር። ግን አዋጅ ቁጥር 482/1998 የሚባል አለ፣ የአገሪቱን የጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል፣ ዝሆንና ቡና ብቻ አይደለም፣ የኔም መስኮት ላይ ያለችው ትገባለች። አዋጁ ባይኖርም አልሸጣትም ነበር። ወጣቶች ይሄን አይነት መልእክት ሲደርሳችሁ እባካችሁ እወቁት።

ከሁሉ የሚያመኝ ግን ሰፈራችን ልጆች ሲያገኟት በድንጋይ ነው የሚሏት። ተናዳፊ ናት፣ መርዝ አላት፣ ከብት ሳር ጋር ከበላት ይሞታል ይላሉ፣ ይሄን ያስተማራቸው ትልቅ ሰው ነው። መርዝ የላትም። መውጊያም የላትም። በጣም ካስጨነቃችኋት በእጇ ቆንጠጥ ታረጋለች፣ የጽጌረዳ እሾህ ይበልጣል። ባለፈው አመት ልጄ ትምህርት ቤት ጠርሙሱን ይዞ ሄዶ ለክፍል ሊያሳይ ሲል "ይሄን ቆሻሻ ከዚህ አውጣ" ተብሎ ከነ ጠርሙሱ ተጣለችበት፣ እያለቀሰ መጣ። የመምህሩን ስም አልጠራም፣ መጥፎ ሰው አይደለም፣ ያላወቀውን ነገር ፈርቶ ነው። ልጄ ግን በማግስቱ ተመልሶ የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ሲፈልግ አንዱን ጓደኛውን ይዞ ነበር፣ አሁን አምስት ሆነዋል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ሱቅ በር ላይ ጠርሙሳቸውን ይዘው ይሰለፋሉ፣ ቱል እቆርጥላቸዋለሁ። ሁለቱ ሙስሊም ናቸው ሶስቱ ክርስቲያን፣ አንዷ ሴት ልጅ ናት፣ እሷ ናት ጎበዟ፣ ሞባይል ሳትነካ ሁለት ሰአት ሙሉ ማንቲሷ ቆዳ ስትቀይር ቁጭ ብላ ያየቻት።

ስለዚህ አዘጋጅ፣ የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። አንዱ የፎቶውን ስም አርሙልኝ፣ ልጆቹ እየጠበቁ ነው፣ ከታረመ ቆርጠው ደብተራቸው ላይ ይለጥፉታል። ሁለተኛው፣ ካላስቸገርኳችሁ፣ አንባቢዎቻችሁን በየሰፈራችሁ ምን ነው የምትሏት ብላችሁ ጠይቁልኝ። የላስታ ሰው ምን ይላታል፣ የቃሉ፣ የወረኢሉ፣ የአምባሰል፣ የራያ ቆቦ ሰው። አፋርኛም ኦሮምኛም ከሆነ እንደሚጠሩት ይጻፉልን፣ ከሚሴና ባቲ ገበያ እኮ ሁሉም ቋንቋ አለ። አሮጊቶቹን ጠይቁ፣ እናቴ 74 አመቷ ነው፣ እሷ የነገረችኝን ሌላ የትም ተጽፎ አላገኘሁትም። የመጣውን ስም ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ብታወጡት ገዝቼ ሱቄ እለጥፈዋለሁ።

ይሄን ስጽፍ ትልቋ፣ ስድስተኛ ትውልዷ ናት፣ ከትናንት ማታ ጀምራ ጭንቅላቷን ወደታች አርጋ ቱሉ ላይ አረፋዋን ስትሰራ አድራለች። ጅራቷን ግራ ቀኝ እያማታች ነጭ አረፋ እያወጣች፣ መሀል መሀሉ ላይ እንቁላሏን እየደረደረች፣ እንደ ቅምቅማት ነው፣ አንድም ቦታ አልሳተችም። ጠዋት ሳያት አረፋው መድረቅ ጀምሯል፣ ነጩ ወደ ቡና ቀለም እየተቀየረ ነው። እሷ ከጎኑ ተንጠልጥላ እጇን ትልሳለች። ፌንጣ ላመጣላት ልጄ ቦርከና ወርዷል።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ልብስ ሰፊዋ፣ ከኮምቦልቻ